ግፊት መለኪያው ከቁም ሳጥን ይውጣ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ግፊት መለኪያ ብዙ ቤት አለ። ከነካርቶኑ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። የእናቴም እንደዚያው ነበር፤ የሚወጣው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። ደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስም አያም፣ ምልክትም አያሳይም። መለካት ያለባችሁ ደህና ነኝ ባላችሁበት ቀን ጭምር ነው።

ገና የምትገዙ ከሆነ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ውጤቱ ይለዋወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት በትከሻና በክርን መሀል ያለውን የክንዳችሁን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ለስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ማሰሪያው ላይ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ22 እስከ 32 ናቸው። ክንዱ ወፍራም ሆኖ ማሰሪያው ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል።

ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። አቦሉን ጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ልለካ ማለት አይሠራም። ሽንትም መያዝ ግፊት ይጨምራልና መጀመሪያ ሽንት ቤት ግቡ። ከዚያ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ 5 ደቂቃ አረፍ በሉ። እግራችሁን አታነባብሩ፣ መሬት ይርገጥ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ ማሰሪያው ከልባችሁ ትይዩ ይሁን።

ማሰሪያው የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው። ሹራቡን አውልቁት፤ እጅጌውን ወደ ላይ መጠቅለል ክንድ ያንቃል። ከክርን እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩ። ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ቁጥር በሰጠው ክንድ ቀጥሉ።

አሁን ከባዱ መጣ፦ ዝም ማለት። እኛ ቤት መለኪያው ገና እየነፋ «ስንት ሆነ? ስንት ሆነ?» ይጀመራል፣ እናቴም ትመልሳለች። ማውራት ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩም ይቆይ።

ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት፣ በየጊዜው የ1 ደቂቃ ልዩነት ሰጥታችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። ይህን 7 ቀን አድርጉ። ሁሉንም ጻፉ፤ ያማረውን ብቻ መርጦ መጻፍ የታወቀ ማጭበርበር ነው። የመለኪያው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ደብተራችሁ ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ማለቱ ይበቃል።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። የላይኛው 135 ወይም የታችኛው 85 ከደረሰ፣ ወይም ካለፈ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጤና ጣቢያ 140 በ90 ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ሰው ስለሚረጋጋ መስፈርቱ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን ቁጥሩ ዘለለ ተብሎ አይደነገጥም።

180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ ግን 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይወቀው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ ካለ መድገምም አያስፈልግም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የጎረቤት ክኒን ግን በፍጹም። ቁጥሩ አማረልኝ ብሎ የራስን ክኒን ማቆምም እንደዚያው፤ ያማረው በክኒኑ ሊሆን ይችላል።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም ያዙ። ነርሷ በእነሱም በእናንተም ለክታ ታስተያየው። የእናቴ መለኪያ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል።