ፋይንድ ወደ ሩት የሚያስገባ በር እንዳይሆን

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ተማሪ አንድ የሊኑክስ ማሽን በሚጋራበት ላብ፣ ፋይል ፈላጊውን ፋይንድን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ፈቃዱን በ«ኤልኤስ ማይነስ ኤል» እዩ፤ በባለቤቱ ሦስት ፊደላት መጨረሻ ላይ ኤክስ መሆን ሲገባው ኤስ ካለ፣ ፕሮግራሙ ማንም ቢከፍተው በባለቤቱ በሩት (በማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ በሚችለው ዋና ተጠቃሚ) ሥልጣን ይሠራል ማለት ነው። ፋይንድ ደግሞ በ«ኤግዜክ» አማራጩ ሌላ ትእዛዝ ያስኬዳል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ፈቃድ የለህም» የሚለው መልእክት ያሰለቸው ሰው 4755 የሚለውን የፈቃድ ቁጥር (ኤሱን የሚያስገባው 4 ነው) ሰጥቶት ይሄዳል።

በሩት ገብታችሁ በፈቃድ መቀየሪያው ትእዛዝ «ቸሞድ 755» ስጡትና ኤሱ መጥፋቱን መልሳችሁ እዩ። ከዚያ ዲስኩን በሙሉ ኤስ ያለባቸውን ፋይሎች በሚያወጣው የፋይንድ አማራጭ በ«ማይነስ ፐርም ማይነስ 4000» አስሱ። ተጠቃሚ መቀየሪያው ሱ፣ ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደው ሱዱና ፓስወርድ መቀየሪያው ቢወጡ ትክክል ነው፣ አትንኳቸው። በሱዱ በኩል ለፋይንድ የተሰጠ ፈቃድም ያው ቀዳዳ ነውና በሱዱ ፈቃድ ማረሚያው በ«ቪሱዱ» አንሱት። አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግን ይህ ብቻ አያስወጣውም፤ መለያ ቁጥሩ እንደ ሩት 0 የሆነ ሁለተኛ ተጠቃሚ ካገኛችሁ ማሽኑን እንደ አዲስ ጫኑ።