በረካ ላይ የሚነሳ ክርክር፦ የቃል ዘር ሲቆጠር የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጦ የቃል ዘር የማይቆጥር ጥቂት ነው። እኔም ከቆጣሪዎቹ አንዱ ስለሆንሁ ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ።

ዋናው፣ የሚመሳሰል ሁሉ ተውሶ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ስኒ «በረካ» ከዐረብኛ ከመጣ «በረከት»ም ከዚያው መጣ ይባላል። ግን «ባረከ» ከእስልምና በፊት መተርጎም በጀመረው የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ዕብራይስጡም «ብራካ» ይላል። ብ-ር-ክ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። የቡናው «በረካ» የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ከዐረብኛው «አንደኛ» ከመጣው አቦል (እኛ ዘንድ አወል የሚሉም አሉ) እና «ሁለተኛ» ከሚለው ቶና ጋር። ሽማግሌው «በረከት ያውርድላችሁ» ብለው መርቀው በረካቸውን ሲቀበሉ፣ አንዱን ሥር በሁለት በር አስገቡት ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጆሮን ማመን ነው። በዐረብኛ «ለሕም» ሥጋ፣ በዕብራይስጥ «ሌሔም» እንጀራ ነው፤ ሁለቱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ሕዝብ ዋናው ምግብ እንደማለት። እዚህ ላይ እኔ ላማችንን ጨመርሁበት፤ ግዕዙ «ላህም» አይደል? ቀኑን ሙሉ ኮራሁ። ማታ ፊደሉን ሳየው ግዕዙ በሃሌታው «ሀ» የተጻፈ ነው፤ የእነዚያ ግን ሐመሩ «ሐ» ነው። ዛሬ አንድ አድርገን ስለምናነባቸው ነው ላሟን ከሉካንዳ ቤት ያዛመድኋት።

ቃሉ አንድ ከሆነ ትርጉሙም አንድ ነው ብለው አይነሡ። ዐረቡ «ሱቅ» የሚለው ገበያውን ነው። የባቲን ሰኞ ገበያ ሱቅ ቢል ትክክል ነው፤ እኛ ግን ሱቅ ስንል ስኳርና ክብሪት የሚሸጥባትን አንዲት ክፍል ነው።

የቦታን ስም በአማርኛ ብቻ መፍታትም ያሳስታል። «ኮምቦልቻ»ን ስንትና ስንት ቦታ ሲቆርጡት ሰምቻለሁ። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው አጣጥ የሚለው ዛፍ ነው። ሐረር አጠገብም ኮምቦልቻ አለ፤ ማንም ከማንም አልሰረቀም፣ ዛፉ በሁለቱም ቦታ ይበቅላል።

ፒያሳን «ጣሊያንኛ ነው» ብሎ መዝጋትም አይበቃም። ጣሊያንኛው ከላቲን፣ ላቲኑ «ሰፊ መንገድ» ከሚለው ግሪክኛ ወረሰው። የደሴን ፒያሳ በተጨናነቀበት ሰዓት ያቋረጠ ሰው «ሰፊ» የሚለውን ለማመን ይቸገራል።