የጣና ጀልባ ሞተር ሲያጨስ፦ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲነሳ «አርጅቷል» ብለን እናልፈዋለን። ብዙው ጭስ ግን በማስተካከል ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ቀን ሙሉ የሚተነፍሱት ደግሞ ሞተሩ አጠገብ የሚውሉት የጀልባው ሠራተኞች ናቸው።

ጥቁር ጭስ

በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ሲወጣ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ለጠረፍ በተለካ የናፍጣ መጠን እዚህ ሲሠራ፣ የሚያገኘው አየር ናፍጣውን አቃጥሎ ለመጨረስ አይበቃውም። የናፍጣ ፓምፑን የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ መጠኑን ይቀንስላችሁ፤ የፓምፑን ማስተካከያ ብሎን በግምት አትንኩት። ጉልበቱ ብዙም አይጎዳም፤ የሚቀረው በጭስ ይባክን የነበረው ነው።

ጭሱ መንገድ ላይ በድንገት ከጀመረ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፕሮፔለሩን እዩ። እምቦጭ ከተጠመጠመበት ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚጫነው ናፍጣ ያበዛል።

ፕሮፔለሩ ንጹህ ከሆነ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። በፎገራ ሜዳ በበጋ የሚሠሩ የመስኖ ፓምፖችም አቧራ ስለሚበዛባቸው ከዚህ ይጀምሩ። ማጣሪያው ደህና ከሆነ ኢንጀክተሩ ናፍጣውን አድቅቆ መርጨቱን አስፈትሹ።

ሰማያዊ ጭስ

ዘይት እየተቃጠለ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ ለኩ። ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፒስተን ፋሻው (ዘይት ወደ ማቃጠያው እንዳያልፍ የሚይዘው ቀለበት) አልቋል፤ ያኔ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም።

ነጭ ጭስ

በብርድ ማለዳ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ችግር የለውም። ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ይሆናል።

በውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ ቅባት

ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል፤ በደሴቶቹና በዳርቻው ይህንኑ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ። የናፍጣ ቱቦዎቹን መገጣጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ የሚረጥበውን ለዩና አጥብቁ ወይም ቀይሩ። ከጀልባው ሆድ የሚወጣውን ውሃ ወደ ሐይቁ ከመድፋታችሁ በፊት ከላይ የሰፈፈውን ናፍጣ በጨርቅ አንሱ። ሳሙና አትጨምሩበት፤ ዘይቱን በታትኖ ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል እንጂ አያጠፋውም። የተቃጠለ ዘይትም ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ።