ለቤት የሚሆን ትንሽ የእጅ ባትሪ እንዴት እንደሚፈተሽ

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጄን ትኩሳት ያዛት። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት የገዛሁትን ባትሪ ከመሳቢያ አውጥቼ አበራሁት። ክፍሉን አጥለቀለቀው። የሽሮፑን መስፈሪያ ሳስጠጋው ግን ነጩ ፕላስቲክ አንጸባረቀና መስመሩ ጠፋብኝ። ዝቅ ላድርገው ብዬ ቁልፉን ስጫን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ልጅቷ ዓይኗን ሸፍና አለቀሰች። በመጨረሻ መድኃኒቱን የለካሁት በስልኬ መብራት ነው። ስልኩም 9 ፐርሰንት ነበር የቀረው።

ያን ባትሪ ስገዛው ሞክሬዋለሁ። ግን የሞከርኩት በቀን፣ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው። የእጅ ባትሪ በቀን ብርሃን ምኑም አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለእናቴም ቤት ስገዛ በደንብ እየፈተሽኩ ነው። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። ባትሪ ስል በእጅ የሚያዘውን መብራት ነው። ውስጡ የሚገባውን፣ ቻርጅ የሚደረገውንም ጨምሮ፣ ድንጋይ እለዋለሁ።

1. ምን እንደምትሠሩበት አስቡ

ቤት ውስጥ ባትሪ የሚፈለግባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ፣ ጨለማ ደረጃ መውረድ፣ ቆጣሪ ማየት፣ ብሬከር መመለስ፣ አልጋ ሥር የገባ ነገር መፈለግ፣ መድኃኒት መለካት። ከእነዚህ አንዱም ሩቅ የሚወረውር ብርሃን አይፈልግም። ሩቅ መወርወር ለዘበኛና ለእረኛ ነው የሚጠቅመው።

ለመመዘን የሚረዳችሁ ልክ ይኸውና፦ አንድ ሻማ 12 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ያበራል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ደግሞ 800 ገደማ። ሌሊት ሰው ሳይቀሰቅሱ ለመንቀሳቀስ ከ5 እስከ 10 ሉመን ይበቃል። ክፍል ለማብራት ከ100 እስከ 200 ካለ እራት ይበላበታል። ከ300 በላይ ያለው ቤት ውስጥ እምብዛም ሥራ የለውም።

2. ካርቶኑን በሒሳብ አንብቡት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘባችን የሚበላው እዚህ ነውና።

ብዙዎቹ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች 18650 የሚባል ድንጋይ ይይዛሉ። ቁጥሩ ልኩን ነው የሚናገረው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በዚህ ልክ ጥሩ የሚባለው ድንጋይ ከ2,600 እስከ 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። 9,900 የሚል ከተጻፈበት ውሸት ነው። ከተጠራጠራችሁ ባለሱቁ ስኳር በሚመዝንበት ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። እውነተኛው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 30 ግራም ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 2,600ው ማለት 2.6 አምፔር ሰዓት ነው። በ3.7 ቮልት ሲባዛ 9.6 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጥሩ የኤልኢዲ ባትሪ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ያህል ያወጣል። ስለዚህ ያ ድንጋይ ወይ 1,000 ሉመን ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰጣችኋል፣ ወይ 100 ሉመን ለዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ። «1,000 ሉመን፣ 10 ሰዓት» የሚል ካርቶን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊሰጣችሁ አይችልም።

ታዲያ እንዴት እንደዚያ ብለው ይጽፋሉ? የታወቁ አምራቾች የሚከተሉት ኤፍኤል 1 የሚባል የአለካክ ደረጃ አለ። በእሱ መሠረት ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ መነሻው 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። እና 1,000 ሉመን ብሎ የጀመረ ባትሪ በሦስት ደቂቃ ወደ 200 ቢወርድ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ ይቆጠርለታል። ማታለል አይደለም፤ ግን ይህን ካላወቅን እንሳሳታለን። «100,000 ሉመን» የሚለው ግን ሌላ ነው። የተለመደው የመኪና የፊት አምፖል እንኳ 1,500 ገደማ ነው። አውራ ጣት የሚያክል ዕቃ ያን ሁሉ ከየት ያመጣል? አስቀምጣችሁት ሂዱ።

3. ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትኑት

ዓይናችሁን ጨፍኑና ቁልፉን በአንድ እጅ ፈልጉት። ካላገኛችሁት በጨለማም አታገኙትም። ከዚያ ቁልፉን እየተጫናችሁ የብርሃን ደረጃዎቹን ቁጠሩ። መጀመሪያ የሚበራው ዝቅተኛው ቢሆን ይመረጣል። ብልጭ ድርግም የሚለው በተራ ከመሃል የሚመጣ ከሆነ ለቤት አይሆንም። ለብቻው ረጅም ተጭነን ካልሆነ የማይመጣ ከሆነ ጥሩ ነው።

የኋላ ክዳኑን ፍቱ። ጥርሱ ካልተያያዘ፣ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ከሌለ፣ ውኃ ይገባዋል። አይፒኤክስ 4 የሚል የውኃ መከላከያ ምልክት ካለበት ፍንጣቂ ይችላል፣ አይፒኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ። ለቤት 4 ይበቃል።

ከኋላው የሚሳብ መሰኪያ ኖሮት ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚገባውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ቤት አለ። ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪና ባትሪ የሊድ አሲድ ነው። ባዶውን ለወራት ካስቀመጣችሁት ይሞታል፣ ደግሞም አይነሳም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብዙዎቹ 220 ቮልቱን ከውስጥ ዕቃው የሚለይ ትራንስፎርመር የሌላቸው መሆኑ ነው። ያለው ሰው ሶኬት ላይ እያለ አይፍታው፣ አያብራው፣ ልጅም አይንካው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ በስልክ ቻርጀር ገመድ፣ በተለይ በታይፕ ሲ የሚሞላውን ምረጡ።

4. ማታ መብራቱን አጥፉና ተመልከቱ

ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ሁሉንም መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ቆዩ።

ከነጭ ግድግዳ 1 ሜትር ርቃችሁ አብሩ። ለቤት የሚመቸው መሃሉ ትንሽ ደመቅ ብሎ ጠርዙ በቀስታ የሚደበዝዝ ብርሃን ነው። ጠባብ ክብ ብቻ ሆኖ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ ደረጃ ላይ እግራችሁን አታዩም። ቀጥሎ ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ ወደ ኮርኒስ አቁሙት። ቆሞ ካልቆየ ያው ጉድለት ነው፤ ባትሪው ቆሞ ሁለት እጃችሁን ነጻ ካላወጣላችሁ ሻማ ይሻላል። ኮርኒሱ ላይ ነጥሮ በሚወርደው ብርሃን መጽሐፍ አንብቡ።

ከዚያ ቀለም ፈትኑ። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቅብ ነው ነጭ የሚያስመስለው። (ሰማያዊውን ኤልኢዲ የሠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 እንደ ፈረንጆቹ የፊዚክስ ኖቤል ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።) ርካሹ ላይ ብርሃኑ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀይ ቀለምም ይሞትበታል። በርበሬ፣ ቀይ ክርና ቡናማ ክር ጎን ለጎን አስቀምጡና አብሩባቸው። መለየት ካቃታችሁ በዚያ ባትሪ የኤሌክትሪክ ሽቦ አትንኩ። ቁስልም በደንብ አይታይበትም።

አንድ ቀላል ነገር ጨምሩ። ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን በብርሃኑ ፊት ቶሎ ቶሎ አወዛውዙ። ጣቶቻችሁ ተቆራርጠው ከታዩ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው። ሲያነቡበት ዓይን ያደክማል።

5. ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ራሳችሁ ለኩ

ዓይናችን ለዚህ አይታመንም። ብርሃኑ ቀስ እያለ በግማሽ ቢቀንስም ልብ አንልም። ስለዚህ ስልክ ተጠቀሙ። ባትሪውን ሞልታችሁ ማታ 1 ሰዓት ላይ መካከለኛው ላይ አብሩትና ወደ ኮርኒስ አቁሙት። የስልካችሁን ካሜራ በእጅ በሚስተካከለው ሞድ አድርጉ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ልክ) እና የመዝጊያውን ፍጥነት ቆልፉት። አለበለዚያ ስልኩ ራሱ ያስተካክልና ሁሉም ፎቶ አንድ ይሆናል። ከአንድ ቦታ በየግማሽ ሰዓቱ ኮርኒሱን አንሱ። በመጨረሻ ፎቶዎቹን ስትደረድሯቸው መቼ እንደወደቀ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ካለቀ በኋላ መልሳችሁ ሞልታችሁ ከፍተኛውንም ለአሥር ደቂቃ ሞክሩትና ገላውን ዳስሱ። ሞቅ ማለቱ የጤና ነው። እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን መልሱት። ድንጋዩ ካበጠ፣ ልባሱ ከተቀደደ፣ ሲሞላ የሚሸት ከሆነ እንዳትጠቀሙበት። ስትሞሉትም አልጋ ወይም ትራስ ላይ አይሁን።

እናቴ ቤት ያለው በተራ አልካላይን ድንጋይ የሚሠራ ነው። እሷ ቻርጅ ማድረግ ትረሳለች፣ ድንጋይ ደግሞ ከታች ሱቅ አይጠፋም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እሱ ይሻላል። ብቻ ሳይነካ ብዙ ወር የሚቀመጥ ከሆነ ድንጋዩን አውጡት፤ ያፈስና ውስጡን ነጭ ዝገት ያለብሰዋል። ካፈሰ ጓንት አድርጋችሁ ጥጥ በትንሽ አቼቶ ነክራችሁ ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ። በትንንሽ ክብ ድንጋዮች የሚሠራውን መጫወቻ መሰል ባትሪ ግን ሕፃን ያለበት ቤት አታስገቡ። ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል።

6. ቦታ ስጡት

ጥሩው ባትሪ ካልተገኘ የለም ማለት ነው። አንድ ቋሚ ቦታ ምረጡና ቤተሰቡን ሁሉ አሳዩ። በቦርሳ የምትይዙት ከሆነ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፍቱት፤ በብዙዎቹ ላይ መስመሩ ስለሚቋረጥ ሳይታወቅ በርቶ አያድርም። ቤት የሚቀመጠውን በየሦስት ወሩ አብሩት፣ ሙሉትም።

ከዚያ አንድ ማታ ሳትናገሩ ዋናውን ማብሪያ አጥፉና ማን ቶሎ እንደሚያገኘው ተመልከቱ። እኛ ቤት በመጀመሪያው ቀን ማንም አላገኘውም። ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ለእኔ ቁመት የተመታ ነበር። አሁን ዝቅ አድርገነዋል፤ ልጄ በጨለማ ሄዳ ታመጣዋለች፣ ዝቅተኛው ላይ አብርታ።