ጂምካና ላይ መኪናዋ አልታዘዝ ስትል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጂምካና በተዘጋ ሰፊ አስፋልት ላይ ኮን (ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክት) ተደርድሮ፣ መኪኖች አንድ በአንድ እየገቡ በሰዓት የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። አብዛኛው ነገር በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል። ጎማ፣ ፍሬንና መሪ ግን በዘወትር መንገድ የማያገኛቸው ጫና ይደርስባቸዋል። ከታች የምንዘረዝረው ሞተሩ የፊት ጎማ ለሚጎትትባት ትንሽ ማንዋል መኪና፣ ለምሳሌ ለቪትዝ ወይም ለስዊፍት ነው። ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ገንዘብ የማያስወጣውን መንስኤ አስቀድማችሁ ፈትሹ።

የእጅ ፍሬን ተስቦ ኋላዋ አይዞርም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ እየሄደች ከተሳበ የኋላ ጎማዎች ይታሰራሉ፣ እሷ ግን እንደዚያው ቀጥ ብላ ትንሸራተታለች። መጀመሪያ በእግር ፍሬን ፍጥነት ቀንሱ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ኋላው ይቀላል። ከዚያ መሪውን አዙሩ። አፍንጫዋ መግባት ስትጀምር የእጅ ፍሬኑን ማንሻ ቁልፍ በአውራ ጣት እንደተጫናችሁ በአንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ቁልፉ ካልተጫነ ማንሻው ጥርስ ላይ ተይዞ ይቀርና ለመልቀቅ ስትታገሉ ሰዓቱ ይሄዳል። ለ180 ዲግሪ ዙር በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ግማሽ ላይ ትቆማለች። ዙሩ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ልቀቁ፣ የቀረውን በራሷ ግፊት ትጨርሰዋለች።

ፍሪሲዮን እዚህ የሚረገጠው ሞተሩ እንዳይጠፋ ነው። የኋላ ጎማ በሚገፋት መኪና ግን ግዴታ ነው፤ ካልተረገጠ የእጅ ፍሬኑ ከሞተሩ ጋር ይታገላል፣ ጎማውም በወጉ አይታሰርም።

ቅደም ተከተሉ ልክ ሆኖ እንቢ ካለች፣ የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርጋችሁ ኋላዋን በክሪክ አንሱና በማስቀመጫ ደግፏት። ማንሻው ወርዶ ሳለ ጎማዎቹ በእጅ እንደልብ መዞር አለባቸው። ማንሻውን አንድ አንድ ጥርስ እየሳባችሁ አዙሯቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከያዘ የሌላው ካቦ ዝጓል ወይም ሸራው አልቋል። ሁለቱም ዘግይተው ከያዙ ማስተካከል የሚጀመረው ከታምቡሩ ውስጥ ነው፦ መጀመሪያ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ማቅረብ፣ ቀጥሎ ካቦውን መወጠር። ብዙ ጋራዥ በተገላቢጦሽ ካቦውን ብቻ ይወጥራል። ያኔ ሸራው ሁልጊዜ እየታከከ ይሞቃል፣ በራሱ የሚስተካከለው ክፍልም መሥራት ያቆማል።

መሪው ዞሮ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትሄዳለች

ይህ በፍጥነት ከመግባት ይመጣል። መሪውን አብዝቶ መጠምዘዝ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ጎማው ከመንከባለል ይልቅ አስፋልቱን ይፍቃል። መሪውን ትንሽ መልሱለት፣ ይይዛል። ፍሬኑንም ከመታጠፋችሁ በፊት በአንዴ አትልቀቁት፤ እየታጠፋችሁ ቀስ በቀስ ልቀቁ።

ቀጥሎ ንፋስ ነው። ፋብሪካው ካዘዘው 4 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ጨምራችሁ ጀምሩ፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አትለፉ። ጎማው መሬት ከሚነካበት ገጽ ጠርዝ እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ መስመር አስምሩና አንድ ዙር ንዱ። ጠመኔው ጎኑ ላይ ካለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አልፎ ከጠፋ ጎማው እየተጣጠፈ ነው፣ 2 ፒኤስአይ ጨምሩ። መሬት በሚነካው ገጽ ጠርዝ ላይ ያለው ጠመኔ ሳይነካ ከቀረ 2 ቀንሱ። አፍንጫዋ አሁንም ከወጣች የኋላውን ብቻ 2 ወይም 3 ጨምሩ፤ ኋላው ቶሎ ይለቅና ዙሩ ይቀላል።

ከዙር ስትወጣ ጎማ ይሽከረከራል፣ ወይም ሞተሩ ያቃስታል

የሚሽከረከረው በውስጥ በኩል ያለው የፊት ጎማ ነው፤ ክብደት ስለቀለለው ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ጉልበቱን ሁሉ ለእሱ ይሰጣል። መጀመሪያ መሪውን አቅኑ፣ ከዚያ ነዳጅ ስጡ። ሊሚትድ ስሊፕ የተባለው ዲፈረንሻል ይረዳል፣ ግን ውድ ነው፤ ለጀማሪ አይደለም።

ማቃሰቱ የከፍታ ጉዳይም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የጃፓን ሹፌሮች በሁለተኛ ማርሽ የሚወጡትን ዙር እዚህ በአንደኛ መውጣት ያስፈልግ ይሆናል።

ፍሬኑ ይደክማል

እግራችሁ የሚሰማውን ለዩ። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ካልቆመች ሸራው ከአቅሙ በላይ ሞቋል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ያረጀው ቶሎ ይፈላል፦ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፣ እርጥበት ሲገባው መለኪያው 155 ነው። ከውድድር በፊት አስቀይሩ፣ አየሩንም አስወጡ። ዙር ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ አብርዱት፤ ስታቆሙ ታኮ እንጂ የእጅ ፍሬን አትጠቀሙ።

አንድ መኪና ለሁለት ጓደኛሞች

ወጪ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ሹፌር ግን የሞቀ ጎማ ይረከባል። ንፋሱ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይጨምራል፤ በሞቀበት ለክታችሁ ወደ ተስማማችሁበት መጠን አውርዱት። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ጎማዎቹ ላይ ውኃ ርጩ። ነዳጅ ከሩብ በታች ከሆነ በረጅም ዙር ወደ አንድ ጎን ይተኛና ሞተሩ ይቆራረጣል። የሞተር ዘይት መብራት ዙር ውስጥ ብልጭ ካለ ግን ወዲያው ሞተሩን አጥፉት፤ የዘይቱን መጠን ሳታዩ እንዳታስነሱት።

ሰዓቱ ጥሩ ነው፣ ውጤቱ የለም

በጃፓን ውድድሮች ኮን መንካት 5 ሰከንድ ያስጨምራል፣ መስመር መሳት ዙሩን ያሰርዛል። በአሜሪካው አውቶክሮስ (ተመሳሳይ የኮን ውድድር) የኮን ቅጣት በተለምዶ 2 ሰከንድ ነው። መስመር የሚጠፋው በአብዛኛው ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግር የሚጎበኙበት ጊዜ በጨዋታ ስላለቀ ነው። አንዴ ከጓደኞቻችሁ ጋር፣ ሁለቴ ብቻችሁን ዙሩት። ከእያንዳንዱ ኮን በፊት ቆማችሁ ቀጣዩን ፈልጉ፤ ከመኪና ወንበር እንደሚታየው እንዲሆን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ ቀኝና ግራውን ቁጠሩ፤ የተደናቀፋችሁበት ቦታ ላይ ተመልሳችሁ ቁሙ።