ባዶው ሳጥን የበላው ሂሳብ፦ የአክሰስ ፎርም ስሌት ችግርና መፍትሄ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትወጡ ግራና ቀኙ ብሎኬት ማምረቻ፣ የብረታ ብረት ሱቅ፣ መጋዘንና የግል ትምህርት ቤት ነው። ብዙዎቹ ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አይጠፋም። እሱ ላይ ደግሞ ድሮ አንድ ልጅ የሠራላቸው የማይክሮሶፍት አክሰስ (የዳታ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ፋይል አለ። ልጁ አሁን የለም፤ ስልኩም አይነሳም። ፎርሙ፣ ማለትም ዳታ የሚሞላበት ገጽ፣ ሲያስቸግር የምጠራው እኔ ነኝ።

ፎርሙላው በእኩል ምልክት መጀመሩን፣ ቅንፉ መዘጋቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነገረው እጽፋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገቡት። ለምሳሌ ኤንዜድ ስል ኤን እና ዜድ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። እደግመዋለሁ፣ ኮፒ አድርጉ።

ሳጥኑ ውስጥ «ሃሽ ኔም» ይላል

ሃሽ የምለው # ምልክትን ነው። አክሰስ የጠራችሁትን ስም አላገኘውም ማለት ነው። አንዱ ምክንያት የሳጥኑ የራሱ ስም ነው። ፊልዱን (ዳታው የሚቀመጥበት ቴብል፣ ማለትም ሠንጠረዥ፣ ውስጥ ያለውን ዓምድ) ጎትታችሁ ፎርሙ ላይ ስታስቀምጡት አክሰስ ለሳጥኑ የፊልዱን ስም ይሰጠዋል። ከዚያ ኮንትሮል ሶርሱን (ሳጥኑ የሚያሳየውን ከየት እንደሚያመጣ የሚነገርበትን ቦታ) ወደ ፎርሙላ ስትቀይሩት ሳጥኑ ራሱን ይጠራል። ግራ ይጋባል፤ ሃሽ ኔም ወይም ሃሽ ኤረር ይላል። የሳጥኑን ስም ቀይሩት፣ አለቀ።

ሁለተኛው የእኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። የፊልድ ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ አክሰስ ይቀበላል። ግን ቴብሉ ላይ «ሠራተኛ» ብሎ የጻፈ ሰው ፎርሙላው ላይ «ሰራተኛ» ይላል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንድ ቢሮ ውስጥ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ላይ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ስሙን በእጅ አትጻፉት፤ ከቴብሉ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉት። ኮድ መጻፊያው መስኮት ደግሞ ፊደላችንን ጨርሶ አያውቅም፤ የጥያቄ ምልክት ደርድሮ ያሳያችኋል። እኔ አዲስ ፋይል ስሠራ ፊልዱን በእንግሊዝኛ ፊደል እሰይማለሁ፤ ተጠቃሚው የሚያየውን ጽሑፍ ብቻ በአማርኛ አደርጋለሁ። እዚህ የአማርኛ ስም የምጠቀመው ለማንበብ እንዲመች ነው።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የነበረ ፋይል ሌላ ላይ ሲከፈት ዴት የሚባለው የዛሬን ቀን የሚሰጥ ተራ ትዕዛዝ እንኳ ሃሽ ኔም ካለ፣ ኮድ መጻፊያው ውስጥ ቱልስ፣ ከዚያ ሪፈረንስ ግቡ። «ሚሲንግ» የሚል ካለ እሱ ነው፤ የማያስፈልግ ከሆነ ምልክቱን አንሱለት።

«ሃሽ ኤረር» ይላል

ሰም የሚባለው መደመሪያ ፊልድ እንጂ የሳጥን ስም አይደምርም። ረድፉ ላይ ያለውን የስሌት ሳጥን ስም ሰጥታችሁት ከሆነ ይሄ ነው ችግሩ። ፎርሙላውን ራሱን ቅንፉ ውስጥ አስገቡት፣ ወይም ስሌቱን ኩዌሪ (ከቴብሉ ዳታ መርጦና አስልቶ የሚያወጣው) ውስጥ ሠርታችሁ ያንን ደምሩ። ከሳብፎርም (ፎርሙ ውስጥ ካለ ሌላ ትንሽ ፎርም) የሚመጣ ድምር ከሆነና ሳብፎርሙ ውስጥ አንድም ረድፍ ከሌለ፣ መጀመሪያ ረድፍ መኖሩን በአይአይኤፍ («ከሆነ ይሄ፣ ካልሆነ ያ» በሚለው ትዕዛዝ) ጠይቁ። «ዲቭ ዜሮ» ካለ በዜሮ አካፍላችኋል። ሳጥኑ በሃሽ ምልክት ብቻ ከሞላ ጠቦት ነው፤ አስፉት።

ረድፉ ባዶ ነው፣ ጠቅላላው ግን ቁጥር አለው

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጫማዬን ጭቃ በጭቃ ያደረገው ይሄ ነው።

አንዳንድ ረድፍ ላይ የረድፉ ድምር ባዶ ይሆናል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም ብሎ ነጭ። ከታች ያለው ጠቅላላ ድምር ግን ደህና ቁጥር ያሳያል። ሰው የሚያምነው ደግሞ የታችኛውን ነው።

አክሰስ ውስጥ ባዶ ማለት ዜሮ አይደለም። ባዶ ማለት «አልተነገረኝም» ነው። በ12,000 ላይ ያልተነገረህን ነገር ብትደምር መልሱንም አታውቀውም። ስለዚህ ረድፉ በሙሉ ባዶ ይሆናል። ግርጌ ያለው ሰም ደግሞ ባዶ ሲያገኝ ዘሎት ያልፋል። ሃሽ ኤረር ቢል እኮ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ ይጮሃል። ይሄኛው ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚበላችሁ።

ገላን አካባቢ ያለ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ክረምት ላይ ጠሩኝ። ባለቤቱ በር ላይ ቆመው «ና እስቲ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሊያጣላን ነው» አሉኝ። ካዝናው ውስጥ ያለው ብር ኮምፒውተሩ ከሚለው ይበልጣል። ጎደለ ሲባል እንጂ በዛ ተብሎ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፎርሙን ከፈትኩት። ፎርሙላው =[ብዛት]*[ዋጋ]+[ማጓጓዣ]-[ቅናሽ] ነው። የዚያን ቀን ሦስት ሽያጭ አለ። 500 ብሎኬት በ30 ብር ከ2,000 ብር ማጓጓዣ ጋር፣ 17,000። 300 ብሎኬት ከ1,500 ማጓጓዣ ጋር፣ 10,500። ሦስተኛው 400 ብሎኬት፣ በራሱ አይሱዙ መጥቶ የጫነ ሰው። ማጓጓዣ ስለሌለው ሽያጩን የምትመዘግበው ልጅ ሳጥኑን ባዶ ተወችው። ምን ታድርግ? የለም፣ ባዶ ነው። ረድፉ ነጭ ሆነ። ጠቅላላው 27,500 አለ፤ እውነተኛው 39,500 ነው። በራሱ መኪና የመጣ ደንበኛ ሁሉ ከሂሳቡ ወጥቷል ማለት ነው። ልጅቷ ደግሞ የበዛውን ብር በየቀኑ «ቀብድ» እያለች በደብተር ትይዘው ነበር። ጨዋ ልጅ ባትሆን ኖሮ ማንም አያውቅም።

ማስተካከያው እንዲህ ነው፦

=[ብዛት]*[ዋጋ]+ኤንዜድ([ማጓጓዣ],0)-ኤንዜድ([ቅናሽ],0)

ኤንዜድ «ባዶ ካገኘህ ዜሮ ብለህ ውሰደው» ይላል። ግርጌው ላይ ያለውም ሰም ያንኑ ፎርሙላ መያዝ አለበት። ረድፉን ብቻ አስተካክለው ግርጌውን የሚረሱ አሉ። ያኔ ረድፉ ይሞላል፣ ድምሩ ግን ያው ይቀራል።

እዚያው ቤት የባለቤቱ የወንድም ልጅ ከእኔ በፊት ሞክሮት ነበር። ሙሉውን ፎርሙላ በአንድ ኤንዜድ ጠቅልሎታል። ነጩ ረድፍ ጠፋ፣ በቦታው 0 መጣ። የ12,000 ብር ሽያጭ ዜሮ! ይሄ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም አሁን የተሞላ ይመስላል። ኤንዜድ ከውጭ አይደረብም፤ እያንዳንዱ ባዶ ሊሆን የሚችል ፊልድ ላይ ነው የሚገባው።

«ዲፎልት ቫልዩውን (ሰው ሳይሞላ በራሱ የሚገባውን) 0 አድርጌዋለሁ እኮ» የሚለኝም አለ። ጥሩ አድርገሃል፤ ግን ዲፎልት የሚሠራው ለአዲስ ሪኮርድ (ረድፍ) ነው። የድሮዎቹ ባዶ እንደሆኑ ናቸው። እነሱን በአፕዴት ኩዌሪ (ብዙ ረድፍ በአንዴ በሚቀይረው) ዜሮ ማድረግ አለብህ። ኮፒ ሳታደርግ አፕዴት ኩዌሪ እንዳትነካ፤ መመለሻ የለውም። ከኤክሴል የተገለበጠ ዳታም ባዶ ሴሉን ባዶ አድርጎ ነው ይዞ የሚመጣው።

ግን ደግሞ ሁሉን ነገር ኤንዜድ አታልብሱት። ማጓጓዣ ባዶ ሲሆን «የለም» ማለት ነው። ዋጋ ባዶ ሲሆን ግን አንድ ሰው ረስቷል። እሱን ዜሮ ካደረጋችሁት ብሎኬቱን በነጻ ሰጣችሁ። ዋጋና ብዛት ላይ ቴብሉ ውስጥ ሪኳየርድ የሚለውን የስ አድርጉ፤ ሳይሞላ አያሳልፍም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሞ ፈተና የቀረ ልጅ ዜሮ ተሰጥቶት አማካዩ ወርዶ ወላጅ ሲጮህ አግኝቻለሁ። አማካይ የሚያወጣው ትዕዛዝ ባዶውን በራሱ ይዘል ነበር። ኤንዜድ ያደረገለት «ባለሙያ» ነው ያበላሸው።

ኩዌሪ ውስጥ ደግሞ ኤንዜድ የሰጠውን ቁጥር አክሰስ አንዳንዴ እንደ ጽሑፍ ያየዋል። ማጓጓዣ 2,000 እና ማውረጃ 1,500 ሲደመሩ 20001500 ካላችሁ አትደንግጡ፤ አጠገብ ለአጠገብ ለጥፏቸው ነው። ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ግራ ከተጠጋ ጠርጥሩ። ኤንዜዱን ሲ፣ ሲ፣ ዩ፣ አር በሚጻፈው የገንዘብ መቀየሪያ ውስጥ አስገቡት። ኤንዜድ ከውጭ አይደረብም ያልኩት እንዳለ ነው፤ እዚህ የሚደረበው መቀየሪያው ነው።

ቁጥር ቀይሬ ድምሩ አይንቀሳቀስም

የረድፉ ግራ ጫፍ ላይ እርሳስ ይታያል? ገና ሴቭ አልሆነም። ግርጌው የሚደምረው ሴቭ የሆነውን ነው። ወደ ሌላ ረድፍ ውረዱ። ካልሆነ ኤፍ9 ተጫኑ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር እርሳሱን እያዩ ሻይ ሊጠጡ የሚወጡ ሰዎች አይገቡኝም።

የድሮው ደረሰኝ ዋጋ ተቀየረ

ፎርሙ ዋጋውን በቀጥታ ከዕቃ ቴብሉ ይወስዳል። ሲሚንቶ ጨመረና ቴብሉ ላይ ዋጋውን አስተካከላችሁ፤ የአምናው ሽያጭም አብሮ ጨመረ። ስሌቱ ትክክል ነው፣ አሠራሩ ነው ስህተቱ። ድምሩን ማስቀመጥ አያስፈልግም። የተሸጠበትን ነጠላ ዋጋ ግን የሽያጭ ቴብሉ ላይ በራሱ ፊልድ አስቀምጡ።

በ15 በመቶ ቫት ላይ አንድ ሳንቲም ከካሽ ሬጅስተሩ ጋር ካልገጠመ፣ ራውንድ የሚለው ማጠጋጊያ ትዕዛዝ ልክ ግማሽ ላይ ሲደርስ ለሁለት እኩል ወደሚካፈለው ቁጥር እንደሚሄድ እወቁ፦ 2.5 ወደ 2 ይወርዳል፣ 3.5 ወደ 4 ይወጣል። ገንዘቡን በከረንሲ (የገንዘብ) የፊልድ ዓይነት ያዙ። ደብል የሚባለውን የቁጥር ዓይነት ለብር አትጠቀሙ።

የቀን ልዩነቱ የእብድ ቁጥር ይሰጣል

የኪራይ መጋዘን ያላቸው ሰው ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ደወሉልኝ። ተከራያቸው መክፈል የነበረበት ነሐሴ 10 ነው፤ የዘገየው 25 ቀን። ፎርሙ 2,831 ቀን ብሎ ቅጣት አሰላ። 10/12/2016 ብለው በኢትዮጵያ ቀን አስገብተዋል። አክሰስ ዲሴምበር 10፣ 2016 ብሎ ወሰደው። የኮምፒውተሩ «ዛሬ» ደግሞ ሴፕቴምበር 10፣ 2024 ነው። ልክ ነው የቆጠረው።

ጥቅምት 30ን በ30/2/2016 ብታስገቡ እንቢ ይላል፣ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። ጳጉሜ ግን ተንኮለኛ ነች። ቀን አስቀድሞ ወር በሚያስከትል ኮምፒውተር 5/13/2016 ስትሉት 13ኛ ወር ሲያጣ ገልብጦ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የቀን ፊልድ ውስጥ የፈረንጁን ቀን ብቻ አስገቡ። የእኛውን ማሳየት ከፈለጋችሁ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሦስት የቁጥር ፊልድ ያዙት፤ የወሩን ፊልድ ከ1 እስከ 13፣ የቀኑን ከ1 እስከ 30 ገድቡት። የዘገየ ቀን የሚቆጥረው ፎርሙላ ግን ከፈረንጁ ፊልድ ይውሰድ። ለሰውየው እንዲህ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ተከራዩም የ25 ቀኑን ከፍሏል።