የግራፋይት ማቅለጫ ሲፈረፈር፦ ችግርና መፍትሄ

ፒያሳ ዙሪያ የወርቅ ሠሪዎችን የኤሌክትሪክ ምድጃ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ማቅለጫ የምለው ምድጃው ውስጥ ገብቶ ወርቅ የሚቀልጥበትን ዕቃ ነው። ፊውዝ፣ ገመድ፣ የላላ ብሎን እናንተም የምታዩት ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ችግር፦ አዲስ ማቅለጫ በመጀመሪያው ቀን ተሰነጠቀ።
እርጥበት ይዞ ነበር። በቀስታ አሙቃችሁ አድርቁት።

ችግር፦ ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነ።
ወርቅ ለማጥራት የሚጨመረውን ጨው፣ ናይትሬት፣ ጨምራችኋል። ናይትሬት ኦክስጅን ስለሚሰጥ ግራፋይቱን ይበላዋል። ወርቅ የሚያጠራ ሰው የሸክላ ማቅለጫ ይያዝ።

ችግር፦ ላዩ ደህና ይመስላል፣ በጉጠት ሲያዝ ግን ይፈረፈራል።
ሁልጊዜ የሚያስጠራኝ ይሄ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ልጁ ማቅለጫውን አንስቶ ወደ ፎርማው ሊያዘነብል ሲል፣ አፉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆርሶ ጉጠቱ ላይ ቀረ። ወርቁ ምድጃው ወለል ላይ ፈሰሰ። ጡቡን ሰብረን፣ ወቅጠን፣ አጥበን ወርቁን ስንለቅም መሸ። ባለቤቱ «ሙቀት በዝቶበት ነው» አሉኝ። አይደለም። ደንበኛ እስኪመጣ እያሉ ቀኑን ሙሉ 600 ዲግሪ ላይ ያቆዩታል፤ ክዳኑም ገርበብ ብሏል።

ግራፋይት ካርቦን ነው። አየር ካገኘ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መሃል መበላት ይጀምራል። ወርቅ ከሚቀልጥበት 1064 ዲግሪ በላይ ኦክስጅኑ ገና ላዩን ሲነካ ስለሚያልቅ ውጪው ይሳሳል፤ ይህን ዓይን ያየዋል። ከ500 እስከ 700 ላይ ግን ቃጠሎው ዝግ ያለ ነው። ኦክስጅኑ በቀዳዳዎቹ ሰርጎ መሃል ድረስ ይገባል፤ ምስጥ እንደበላው ቋሚ ላዩ ቆሞ ውስጡ ያልቃል። ለኑክሌር ማብላያ የሚሠራው ንጹሕ ግራፋይት እንኳ ክብደቱ በዚህ መንገድ 10 በመቶ ሲቀንስ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእኛው ብረትና ሌላ ቆሻሻ ያለበት ነው፤ ብረትም ሶዳም መበላቱን ያፋጥናሉ። ቀዳዳው በዓይን የሚታየውን ርካሽ ማቅለጫ እባካችሁ አትግዙ።

መፍትሄው ሚዛን ነው። የግራም መቶኛ የሚለይ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ እያለ ማቅለጫው ተመዝኖ አያውቅም! አዲሱን ባዶውን መዝናችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በየሳምንቱ የተጣበቀበትን አራግፋችሁ ድገሙት። እኔ 5 በመቶ ሲጎድል አስጥላለሁ። ሥራ ከሌለ ምድጃውን አጥፉት፤ ምድጃው ሲከፈት ማቅለጫው ቶሎ ይውጣ። መብራት ሲጠፋ ክዳኑን ግጥም አድርጉ፤ «ይቀዝቅዝ» ብሎ መክፈት ማቅለጫውን በዚያው በክፉው ሙቀት ላይ ለአየር መስጠት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መስኮት ክፈቱ። ግራፋይት ሲበላ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣል፤ ሽታ የለውም፤ ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ያው ነው። የቀለጠ ብረት ላይ ውሃ በፍጹም አትድፉ፣ ይፈነዳል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያም አትተማመኑ። በጥቅምት 1957 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዊንድስኬል ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ የግራፋይት ማብላያ ሲቃጠል ይሄንኑ ጋዝ ለቀውበት ምንም አላመጣም። ውሃ ለቀውበት አየሩን ሲዘጉበት ነው እሳቱ የሞተው። እናንተም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከዚያ ክዳኑን ዝጉ።

ችግር፦ ከተፈረፈረ በኋላ ምድጃው ፊውዝ ያቃጥላል።
የግራፋይት ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ምድጃው ሲቀዘቅዝ፣ ከማሞቂያ ሽቦው ሥር በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።